የቀረችው «አል»

ሃያ ስድስት ዓመት፣ ፒያሳ፣ ቴሌ ቤት፣
ገመድ ስሰካ ኖርሁ፤ እንጀራዬን የበላሁበት።
«ደባርቅ፣ ይናገሩ። መተማ፣ ይጠብቁ።»
አንድ መዳብ ሽቦ ላይ ሁለት ሰዎች ሲስቁ
ሳቃቸው እስኪያልቅ መስመሩ የነሱ፤
ሌላው ቆሞ ያያል ተናግረው እስኪጨርሱ።

ዛሬ ጡረታ ነኝ። ሳሙና በር፣ ከቤቴ ጣራ ላይ
የእህቴ ልጅ አዛናው አንቴና ተክሏል፣ ለሰፈሩ የሚያድል ዋይፋይ።
እሱ ነው ያስረዳኝ፣ ሽቦ እየላጠ በስለቱ፤
«አክስቴ፣ ያሁን ድምፅ ሙሉውን አይሄድም እንደ ጥንቱ፤
በሰከንድ ሃምሳ ቦታ ይቆረጣል፣ ቁጥር ይሆናል፣
እያንዳንዱ ቁራጭ በጀርባው ተራውን ይይዛል፤
አንዱ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በጅቡቲ ባሕር ሥር፣
ሰባተኛው ቀድሞ ይገባል፣ አምስተኛው በመንገድ ሲደናበር።
መዳረሻው ላይ ግን አለች አንዲት ጠባብ ደጅ፣
ዓይን እስኪርገበገብ አቁማ በየቁጥራቸው የምታደራጅ።»

«የዘገየውስ?» አልኩት።
                    «ይጣላል፤
ወሬው ካለፈ ወዲያ የመጣ ቃል ምን ይሠራል?»
«መልሰው አይልኩትም?»
                    «አይልኩትም። ዝም።»
«በእኛ ዘመን» አልኩት፣ «ቃል አይጣልም።»
ሳቀብኝ።

ሐምሌ አጋማሽ ነበር። አንገረብ ሞልቶ ያጓራል፣
መብራቱ ሄዶ መጣ። ስልኬ ከጁባ ይጠራል፤
የወንድሜ ልጅ ነው፣ የሾፌሩ የጫኔ።
«አክስቴ… መኪናው… ተገልብጦ…» ድርቅ ብዬ ቀረሁ እኔ።
«አባትህስ? ጫኔስ?» ጫጫታ፣ ፉጨት፣ ደግሞ ጸጥታ፣
ከጸጥታው መሐል
«…ሞተ…»
         አለኝ በጠራ ድምፅ፣ በእርጋታ።

ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ። ስንዱ ደረት ስትመታ
እድርተኛው ሰማ፤ ድንኳን በጋሪ ገባ በዚያው ማታ።
አዛናው ብቻ ነው ያላለቀሰ፤ ጣራ ላይ ወጥቶ በስብሶ
መስመሩን ሲነካካ ቆይቶ ደወለ መልሶ።

«አልሞተም!» አለ ልጁ። «አል፣ ሞተ፣ ም! ሦስቴ ነገርኩሽ!
እግሩ ነው የተሰበረው። ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

ለካ «አል» ከፊት ወድቃ፣ «ም» ከኋላ ዘግይታ፣
መሐሉ ብቻ ደርሶ ነው ያ ሁሉ ዋይታ።
የቱ ባሕር ሥር ይሆን ያቺ «አል» የቀረችው?
ወይስ ደርሳ ነበር፣ ጠባቧ ደጅ ትሆን ቀድማ የተዘጋችው?

ድንኳኑ ርሶ ስለነበር ሁለት ቀን ግቢዬ ተሰጣ፤
ሥሩ ቁጭ ብለን ሳቅን፣ እድሩም ቅጣት ሊያስከፍለኝ ቃጣ።

እኔ ግን ዛሬም ሲደወል፣ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ፣
«ይድገሙት» የምትል የድሮ ቃል አትጠፋም ከአፌ።
ልጆቹ ይስቃሉ።
ይሳቁ።
«ም» ሳትገባ አልዘጋም።