ልጄን የተቆጣች ሴት

በር ስከፍት አስፋልት ነው፣ መስኮት ስከፍት አጥር፤
ጎረቤት ስንቴ እንዳስነጠሰ ሌሊቱን ስቆጥር፣
አራዳ፣ ከደረጃው ሥር፣ በአንዲት ክፍል ኪራይ
ስድስት ዓመት ኖርን፣ በመስኮታችን ፀሐይ ሳናይ።

አንድ ቀን የሚፍታህ ኳስ አይሱዙ ሥር ገባች።
ፍሬን ጮኸ። ልጁ ቆሟል። ኳሷ ብቻ ፈነዳች።
ያን ማታ ይመር ራቱን ሳይነካ፣
"እንውጣ" አለ። "እንውጣ" አልኩት።
ከከተማ መውጣት እንዲህ ቀላል ነው ለካ!
መውጣቱስ ቀላል ነው። የት ነው የሚገባው?

ደላላው ሽመልስ፣ ምላሱ የማይደርቅ፣
እሑድ እሑድ በባጃጅ ይዞን የሚወርድ የሚዘልቅ፣
"ውሃውስ?" ስንለው፣ "ቧንቧው ተቆፍሯል"፣
"መንገዱስ?" ስንለው፣ "በጀቱ ተይዟል"።
በሱ አፍ ውስጥ ያለችው ያቺ የወደፊት ከተማ
ጭቃም የላት፣ አቧራም የላት፣ አይደፍራትም ጨለማ።

ቦሩ ሜዳ ወጣን። ሜዳው እንደ ስሙ።
ልጆቼ ሮጡበት፣ ነጥብ እስኪያክሉ፣ ሳይቆሙ።
"ይኼ ነው!" አለ ይመር። እኔ የኢክራምን ደረት አስቤ፣
ብርድ ሲነካው የሚያፏጨውን፣
ዝም አልኩ ሻሼን ደርቤ።
ጧት ውርጩ ሣሩን ጨው የነሰነሱበት ያስመስለዋል አሉኝ፤
"ትለምጂዋለሽ፣ እኛም ለምደን ነው" ብለው አጽናኑኝ።

ኮምቦልቻ ወረድን። ሙቀቱ ደስ ይላል።
ማታ ግን ትንኙ የራሱን ኪራይ ይሰበስባል።
"ዶሮ መዝለያን በቀን ሁለቴ፣ በግማሽ ደሞዝ?" ብሎ
ይመር ጣቱን አጠፈ፤
ኮምቦልቻም አብራ ታጠፈች።

ጢጣ ተማሪ በዝቷል። ኪራዩ እንደ ዕድሜ ነው፣
ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አያውቅም።

ሰው ቦታ ሲመርጥ ካሬውን ይለካል፤
እኔ የማየው ገመድ ነው፣ ልብስ የሚሰጣበት።
ትንሽ ካልሲ ካለ፣
ጉልበቱ የተጣፈ ሱሪ ካለ፣
እዚያ ሰፈር ልጅ አለ።
ልጅ ኖሮ ጉልበቱ ካልተጣፈ፣
አንድም አይሮጥም፣ አንድም አያስሮጡትም።

ገራዶን ያየነው ሽመልስ ሳይኖር ነው፣
በረቡዕ፣ ዝናብ እንዳባራ።
መብራቱ ሦስት ቀን ይበራል፣ አራት ቀን ያኮርፋል፤
ለውሃው ማክሰኞ ሌሊት ባልዲ ይሰለፋል።
ይመር ጣቶቹን ገና ሲዘረጋ፣
ሚፍታህ የሰው ዶሮ ያሳድዳል በጠጠር።
ከአንዱ ግቢ፣ እስከ ክርኗ አረፋ የሆነች ሴት ወጣች፤
"አንተ! የማነህ አንተ! ያቺ እኮ ጫጩት አላት!" አለች፣
ጆሮውን ያዘች፣
በሌላው እጇ አፍንጫውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።
ቀና ስትል አየችኝ። አልደነገጠችም።
"ያንቺ ነው?" "የኔ ነው።" ይቅርታ አልጠየቀችም።
"በሉ ግቡ፣ ዝናቡ ይመለሳል።
እኔ ጾም ነኝ፤ ለልጆቹ ግን ወተት አይጠፋም።"

አራዳ ስድስት ዓመት ልጄን ማንም አልተቆጣም።
ሹፌር ሰድቦታል። ስድብ ቁጣ አይደለም።
የሚሳደብ ያልፋል፤
የሚቆጣ ነገም እዚያው ነው።

ኢክራም ጫጩቶቹ ዘንድ ቁጭ ብላለች፣ ደረቷ ጸጥ ብሏል።
የታዱ ገመድ ላይ ሰባት ካልሲ ቆጠርኩ።
ሰባት! ስምንተኛው የት ሄዶ ይሆን?
ይመር "ውሃው... ጭቃው..." ሲል
የተዘረጋውን ጣቱን ያዝኩት።

በኅዳር ገባን። ጭቃው በታኅሣሥ ደረቀ።
ቧንቧው እስካሁን "ተቆፍሯል"።
አልጋው ሳይገጠም ገመዴን ወጠርኩ።
ትናንት ልብስ ሳጥብ፣ አንድ የማላውቀው ልጅ
በአጥሬ ላይ ተንጠልጥሎ በለሴን ይቀጥፋል፣ እሾሁን ሳይፈራ።
እስከ ክርኔ አረፋ ነበርኩ።
"አንተ!" አልኩ፣ "የማነህ አንተ!"
ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ።