አንድ ሰው የሚያሳልፍ

ሳህያድሪ ተራራ ሥር አውቶቡሱ ጥሎኝ ዞረ፤
መንገዱ ከሰው ጓሮ፣ ከቃሪያው መደብ ጀመረ።
ካርታ ላይ ቀይ ክር ነው፤ ምድር ላይ ግን የለ፤
ክረምት አጥቦ በላው፣ ቁጥቋጦ በቀለ።

ዶንዲባ ከፊት ነው፣ ማጭዱን ታጥቆ፣
ቅርንጫፍ ይመታል ጥርሱን አጥብቆ።
«ሰፋ አርገው» አልኩት እሾሁ ቢወጋኝ፤
ፊቱን ሳይመልስ እንዲህ ሲል አወጋኝ፦
«ሰፊ የሚፈልግ ሠራዊት ነው ልጄ፣
ለእኔ ይህ ይበቃል፣ ለባልዲና ለእጄ።»

ከዓለት የተጠረበው ደረጃ ተንዷል፤
ጦጣ ወጥቶበት ጦጣ ይወርዳል።
ዝሆን እንዳይገፋው የብረት ሾህ አብቅሎ
የኖረው በር፣ ሣር ውስጥ ተኛ ካምዱ ተነቅሎ።

«ማን ነበር ገንቢው? ማንስ አፈረሰ?»
ስል፣ እርሱ ወደ ዓለቱ ኩሬ ገሰገሰ።

የታች ምንጭ ሲደርቅ፣ ሙሽራ ሳለች ገና፣
ከዚህ ትቀዳ ነበር ሚስቱ ሳጉና።
ኋላ ቧንቧ ገባ፤ እርሷም አመድ ሆነች፤
ውሃይቱ ብቻ ሰማይ ይዛ ቀረች።

ቅጠል ለቀመላት፣ አንድ ባንድ፣ በእርጋታ፤
የዛገው መድፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት እስከ ማታ።

ስንወርድ ያው እሾህ እንደገና ወጋኝ።
ዝም አልኩ።