ሁለት ሰሌዳ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እጄ ቀሰቀሰኝ፤
እኔ ሳልጠራው ነው፣ እሱ የሚጠራኝ።
አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሀል ጣት ደንዝዘው፣
ትንሿ ብቻዋን ዘብ ቆማለች ነቅታ፣
የሦስት እኅቶቿን እንቅልፍ ተመልክታ።
እንደ ሌላ ሰው እጅ በግራዬ ይዤ
አራግፈዋለሁ፣ እንደ እርጥብ ነጠላ፣ ጨለማው ውስጥ ፈዝዤ።

ቀን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ።
ዳኛው ይናገራሉ፣ እኔ እመታለሁ፤
ከሳሽ ሲያስል እንኳ ቃል መስሎኝ ጣቴን አነሳለሁ።
"ተከሳሽ አልቀረበም። መዝገቡ ለሚያዝያ ስድስት ይቀጠር።"
የወሰን ክርክር፣ የቀለብ፣ የውርስ፣ የአንዲት ላም ነገር፣
የጎንደር ጠብ ሁሉ በእኔ አንጓ ሲሻገር።
"ይግባኝ" ለማለት ብቻ ስድስት ጊዜ ጣቴ ይወርዳል።
ሺፍት የሚሏት ቁልፍ ጥግ ላይ አድፍጣለች፤
ሽፍታ ናት እውነትም፣ ባለፍኩ ባገደምኩ አንጓ ትዘርፋለች።

የፋሲል ግቢ አሥራ ሁለት በር አለው፤
አንዱ ቢዘጋ በሌላው ይገባል።
የእኔ አንጓ ግን አንድ በር ነው፣ ጠባብ፣
ጅማትና ነርቭ ተጋፍቶ የሚያልፍበት፣
ዘበኛም የሌለው፣ መዝጊያም የሌለበት።

ማታ ፒያሳ እወጣለሁ።
ጣልያን በተወው ሕንፃ፣ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ፣
ምስጥ የቀመሰው አንድ ፒያኖ አለ።
መሀል ላይ ያለው ሶል አይጮኽም፤ ሲነኩት "ጧ" ይላል፣ እንጨት ብቻ።
ጸሐፊነቴን እዚያ በር ላይ አወልቃለሁ፣ እንደ ጫማ።
የማንንም ቃል አልጽፍም፤
አንቺሆዬን በጥቁሩና በነጩ መሀል እፈልጋለሁ።
አንዳንዱ ድምፅ ከሁለት ቁልፍ መካከል ነው ያለው፣
ጣቴን ጨምቄ ላወጣው እታገላለሁ፤
ስጠግብ ሳይሆን ሲያመኝ አቆማለሁ።

ሐኪሟ አንጓዬን በጣቷ ጫፍ መታች፤
ንዝረቱ ጥፍሬ ድረስ ሄደ። "እሱ ነው" አለች።
ለሌሊት ማሰሪያ ሰጠችኝ። "ሃያ ደቂቃ ሠርተሽ ዕረፊ፤
ከሁለቱ አንዱን፣ ቢቻል፣ ለጊዜው ተዪ።"
"የትኛውን?" አልኳት።
ወረቀቱን አየች። ቀጣዩን ስም ጠራች።

ጎረቤቴ ውባንቺ በቅቤ አሸችኝ፤
እናቷ "ዓይን ነው፣ በሰው ፊት አትጫወቺ" አለችኝ።
ባሏ "ወልቋል" ብሎ ወደ ወጌሻ፣
አክስቷ ወደ ጠበል፣ ሁሉም ጠቆመኝ መድረሻ፤
አንድ ሰው ግን "ወንበርሽ ዝቅ ብሏል" አላለኝም።

እሑድ ድስት ልገዛ ወለቃ ሄድኩ።
እማማ ትርንጎ ጭቃ ያቦካሉ፣ አርባ ዓመት በዚሁ ሥራ።
"እጅዎን አያምዎትም?" ብላቸው ሳቁብኝ።
"በእጄ መቼ ሠርቼ! የሚያቦካው ትከሻ ነው፣ ወገብ ነው።
እጅማ መልእክተኛ ነው፤ ጌታው ሳለ መልእክተኛው ለምን ይገረፋል?"
በጭቃ እጃቸው አንጓዬን ይዘው ወደ ላይ አነሱት።
"ልቀቂው።"
"ለቅቄዋለሁ።"
ተዉት። አየር ላይ ቀረ፣
ቃለ መሐላ እንደሚፈጽም ምስክር እጅ።
"ይኸው! ማን ያዘልሽ?"
ማንም። እኔው ነበርኩ ሳላውቅ የያዝኩት።
በአራተኛው ወደቀ፣ ከብዶ፣ በራሱ ክብደት።

አሁን ሁለት የተዘጉ መዝገቦች ደርቤ እቀመጥባቸዋለሁ፤
አንደኛው የሁለት ወንድማማቾች የአጥር ክርክር ነው፣ ወፍራም፣ ለመቀመጫ የተፈጠረ።
ዳኛው "ምነው ጸሐፊ፣ ከፍ ከፍ አልሽ?" አሉኝ።
በዓረፍተ ነገር መሀል እጄን ጭኔ ላይ እጥላለሁ፤
ችሎቱ ይጠብቃል፤ ጠበቃው ያዛጋል።
ማታ ሩብ ሰዓት ብቻ፣ ቀስ ብዬ፣
መልእክቱን ከትከሻዬ እየላክሁ፣
ሶሉ ላይ ስደርስ እንደ ድሮው አልናደድም፤
እዚያች ላይ እጄን አነሳለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣
ዜማው ቆሞ ይጠብቀኛል።

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ቀሰቀሰኝ።
ግን የደነዘዘው ሁለት ጣት ነው፤
መሀሏ ከትንሿ ጋር ነቅታ ነበር።
አራገፍኩት። ማሰሪያውን አስተካከልኩ።
ሰኞ አሥራ ሰባት መዝገብ አለ።