ሰሚ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ስልሳ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ፣
መብራት መጣ ሄደ ሲል፣ ኮምፒዩተሬ ሲሞቅ፣
ከዚህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ
አንድ ሰው ይወርዳል፣ ግንባሩ ላይ ባትሪ ታጥቆ።
ስሙን አላውቀውም፤ ቁጥሩ አርባ አንድ ይላል፤
አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ስክሪኔ ላይ ይዋልላል።

የእኔ ሥራ መጠበቅ ነው፤ ጋዝ ሲበዛ፣ አየር ሲያጥር፣
ጣሪያው አንድ ሚሊ ሜትር ሲጎብጥ፣ የገባ ሰው ሲጎድል ከቁጥር፣
ቀይ ማብራት፣ ደወል መምታት፣ «ውጡ» ማለት ሳይረፍድ፤
ይሄው ብቻ መስሎኝ ነበር ውሉን ፈርሜ ስሄድ።

ሥራ አስኪያጁ ደወለልኝ።
«ወይዘሪት ብርክታዊት፣
ባለፈው ወር አሥራ አንዴ ጮኸ፤ አሥራ አንዴ ቁፋሮው ቆመ፤
አንድም ድንጋይ አልወደቀ፣ አንድም ሰው አልታመመ።
የጋዙን ቁጥር ከፍ አርጊልን፤ ሠላሳው ሃምሳ ቢሆንስ?»
ዝም አልኩ። ከስልኩ ወዲያ ማሽን ይሰማኛል ሲተነፍስ።

ያን ለት ማታ መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፔም ተከተለ።
በዳበሳ ስወርድ፣ ታች፣ አንድ ሰው ግድግዳ መትቶ ቆም አለ፤
መታ፤ አደመጠ፤ መታ። የብሎካችን ዘበኛ፣
ጋሽ ጉተማ፤ ሌሊት ሁሉ ዱላቸው ሰው አያስተኛ።
«ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። «ልማድ ነው» አሉኝ፣ «ልጄ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከመሬት ሥር፣ ይቺው ዱላ በእጄ።
እንስራ ስትገዢ አታንኳኪም? ጣሪያም እንዲሁ ሲመረመር
የታመመው ድንጋይ እንደ ከበሮ፣ ጤነኛው እንደ ደወል ነበር።»

ሦስት ወር ሙሉ ስለ ድንጋይ የጻፍኩ እኔ፣
ድንጋይ ድምፅ እንዳለው የሰማሁት ገና ያኔ።

«የማስጠንቀቂያ ደወልስ?» አልኩ። «ነበረን፤ ቀይ፣ ትልቅ፤
ጠዋት ይጮሃል፣ ማታ ይጮሃል፣ በምንም በምኑ፣ ሳይለቅ።
ኋላ እኛው፣ በገዛ እጃችን፣ በአሮጌ ካልሲ ጠቀጠቅነው፤
የአንድ ሰው ካልሲ አልበቃ ብሎ የሁለት ነው የጎሰጎስነው።»
ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጡት።
«መግቢያው ላይ ሰሌዳ ነበር፤ ስትገቢ ቁጥርሽን ትሰቅያለሽ፤
ስትወጪ ከምስማሩ አንስተሽ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ።
አንድ ማታ ሦስት ቁጥር ምስማሩ ላይ ቀረ።
ደወሉማ ጮኾ ነበር፤ በካልሲው ውስጥ፤ ማን ሰምቶት ነበረ!»

መብራት መጣ። ወጣሁ። ቁጭ አልኩ።
ቁጥሩን ዝቅ ባደርገው፣ ካልሲ፤
ከፍ ባደርገው፣ ምስማር።
የቱሉ ዲምቱን የጭነት መኪና እየሰማሁ ነጋ፣ ሳልጽፍ አንድ መስመር።

በማግስቱ ጋሽ ጉተማን ወንበር አውጥቼ አስቀመጥኩ፤
እሳቸው እያወሩ፣ እኔ ግማሹን ሰረዝኩ።
ሠላሳዋን አልነካኋትም። ግን ደወሉ ከመጮሁ በፊት
ዝቅ ብሎ እንዲጠይቅ አደረግኩ፦
«አርባ አንድ፣ ምን ትሰማለህ?»
አንድ አዝራርም ጨመርኩ፣ ለጓንት የሚመች፣ ሰፊ፣
ከታች ወደ ላይ ነጋሪ፣ አለቃ ሳይጠይቅ አላፊ።
የተጫነው ሰው፣ ሥራ አስፈታህ ተብሎ፣ ደሞዙ እንዳይቆረጥ
የሚል ዐረፍተ ነገርም ውሉ ውስጥ አስገባሁ።
እስካሁን አልተፈረመም።

የፕሮግራሙን ስም ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ወርቅ ወርቁን ሲል
ሰሙን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? አነሳሁት፤ ጥቂት ላባብል
ብዬ «ም»ን ወደ «ሚ» ገፋኋት፤
ሰሚ።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። ታች ዱላው ይሰማኛል፤
ሮቶውን መቱ፤ «ግማሽ ነው፤ እስከ ነገ ማታ ያልቃል።»
ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ጋ፣ ግድግዳውን መቱ። ቆሙ።
ትንሽ ዝቅ አርገው፣ ትንሽ ከፍ አርገው፣ ደገሙ።

ወረድኩ። ምንም አላልኳቸው።
ጆሮዬን ልስኑ ላይ ለጠፍኩ።