አንገትጌው ሥር

የካቲት ሊያልቅ ነው፤ ሙቀቱ አልበረደም፤
ከፓራና ማዶ ዝናብ አልወረደም፤
የሮሳሪዮ ዳርቻ በቆርቆሮ ጣራ
ቀን ሲጠበስ ውሎ ማታ ነው ሚያወራ።
ወሬውም አንድ ነው፦ “ጋወን ተገኘልሽ?”
“የዓምናው ጫማ እግሩን ዘንድሮም ቻለልሽ?”
ሰኞ ይከፈታል የመንግሥት ትምህርት ቤት፤
ነጭ ጋወን ለብሶ ነው ልጅ የሚገባበት፤
የዳቦ ጋጋሪው፣ የዳኛይቱም ልጅ
ነጭ ነው፣ ነጭ ነው፣ አንድ ነው ከደጅ።

በሰፈሩ ክበብ፣ በቢሊያርድ ገበታ፣
ያገለገለ ልብስ ቆልለን በማታ፣
ዶኛ ኤርሚንዳ ስፌት፣ እኔ መዝገብ ይዘን
ጋወንን ከቁመት ስናጋባ አመሸን።

ሁለት ልጅ አለኝ ብላ ሦስት የጠቀለለች
ሴት አይቻለሁኝ፤ ብዕሬ ዝም አለች።
አንዷ “አዲስ የለም?” ብላ ብትኮራ
“አዲሱ ልጅሽ ነው፤ በይ ሂጂ በተራ።”
ጡረተኛው ፖስተኛ አራት ደብተር ሰጠ፤
ከፊት የነበረውን የዕዳ ገጽ ቆረጠ፤
“ቀሪው ባዶ ነው” አለን፤ “ለልጅ ነው ባዶ ገጽ፤
እኔ እጅ ከቆየማ ዕዳ ነው ’ሚገለጽ።”

ቅምቅማት ስትፈታ ጨርቁ ላይ ይቀራል
የዓምናው ልክ፣ የካቻምናው፤ መስመር ተሰምሯል፣
ጎርፍ የሸሸ ለታ ግድግዳ ላይ እንዳለው፤
የውኃ ሳይሆን ግን የልጅ ከፍታ ነው።
በምላጭ ጫፍ ደግሞ አንገትጌው ሥር ያለ
ስም ስትፈታ ውላ ጣቷ ጫፍ ቆሰለ።
“ስም መፍታት” ትላለች “ከመስፋት ይከብዳል፤
ክሩ ቢመዘዝም ቀዳዳው ይቀራል።”

ልንዘጋ ስንል ነው ጋሪውን አቁሞ
ካርቶን ለቃሚ ሰው ብቅ ያለ ደግሞ፤
ኤውሴቢዮ ነው ስሙ፤ ቆቡን በእጁ ይዞ
“ለልጄ...” አለና ቀረ ባለበት ፈዞ።
“ዙሌማ ነው ስሟ፤ ስድስት ዓመት ሞላት፤”
መዳፉን ዘርግቶ ከወገቡ ለካት።

ተገኘ፤ አንድ አዝራር ብቻ የጎደለው።
“ስሟን አንተው ስፋው፤ መርፌ ይኸው” ብትለው
“መርፌስ እኔም አለኝ፤ ጆንያ ሰፊ እኮ ነኝ፤
ፊደሉ ነው እንጂ...”
ሳይጨርሰው አየኝ።
ጥግ ያለው ፍሪጅ ብቻ ያቃስት ነበረ።
ቆቡን አዙሮ አዙሮ እንዲህ ሲል ጀመረ፦

“ገመድ ላይ ሲሰጣ የመንደሩ ጋወን
ሁሉም ነጭ ነውና የልጄ የቱ ይሆን?
እናቷ ሥራ ናት፣ ሌሊት ነው ምትገባ፤
ሰው ጠይቄ ልፈር? የሰው ልብስ ላስገባ?
የስሟን መልክ ስጪኝ፣ በኪሴ ልያዘው፤
እሱን እያየሁኝ አንገትጌ ልግለጠው።”

ከጋሪው ላይ ሄዶ ካርቶን ቀዶ መጣ፤
በወፍራም እርሳሷ ስድስት ፊደል ወጣ።
“ይህ የመጀመሪያው፣ ሄዶ ’ሚመለሰው፣
ዚግዛግ ስፌት አይደል? ጆንያ ላይ ስንት ጊዜ
ጻፍከው፣ አንተ ሰው!
ይህ ባልዲ፣ ይህ ደግሞ የግድግዳ ማዕዘን፣
ይህ ሚዶ፣ ያ ሁለት ጣሪያ ጎን ለጎን፣
መጨረሻው መሰላል፤ ወጥተህ ’ምታይበት።”
ጣቱ በስድስቱ ላይ ሄደና መጣበት።

የአውራ ጣት ቀለሙን ወደ እሱ ብገፋ
ገፍቶ መለሰልኝ፤ ብዕር ይዞ ለፋ፤
ከስሙ ትይዩ፣ ከፊርማው ቦታ ላይ
አንዲት ዚግዛግ አለች፣ እስከዛሬም ብታይ።

ሰኞ ጠዋት ግቢው ነጭ በነጭ ሆነ፤
ማን የማን እንደሆነ ከሩቅ ተሸፈነ።
ካጥሩ ወዲያ ጋሪ፤ ባለጋሪው ቆሟል፤
ካርቶኑን ከኪሱ ያወጣል፣ ይከታል።
ዙሌማ ከሰልፉ ሦስተኛ ቆማለች፤
በሲባጎ የተሰፋ ስም ተሸክማለች፤
መዝሙሩ እስኪያልቅ ድረስ
አንገቷን ታካለች።