የኔቪል ጉቶ

እኛ «ባሕር ዛፍ» አልነው፣ ባሕር አቋርጦ ቢመጣ፤
ቤንዲጎ ላይ ግን አገሩ ነው፣ ከየትም አልመጣ።
ባሕር የተሻገረስ የኔቪል ቅድመ አያት፣
ወርቅ ሲል ቆፍሮ ቆፍሮ ጉድጓድ የተረፈው ለሀብት።

ጥር ላይ፣ በበጋቸው፣ ማዕበል የተነሣ ለት
ቅርንጫፉ ጣሪያ ሰብሮ ኩሽና ገባ ለራት።
ዶሪን አልሣቀችም፤ ደወለች ለቆራጭ፤
ግንዱ ተጭኖ ሄደ፣ ጉቶው ቀረ ተቀማጭ።

ቁመቱ አንድ ክንድ ቢሆን፣ ስፋቱ የገበታ፣
ልብስ ከሚሰጣበት፣ ከግቢው መሀል ቦታ።
ሲቸኩሉ ያደናቅፋል፣ ሲመሽ አድብቶ ይጠብቃል፤
ጡረታ የወጣው ኔቪል «ለኔ ተዉት» ብሏል።

መጀመሪያ በምሳር፤
ምሳሩ እንደ ኳስ ነጠረ።
ቀጥሎ ሰርስሮ ጨው ሞላው፤
ጉቶው ጨው ልሶ አደረ።
ከሰል ደፍቶ ለኮሰው፤
የእሳት አደጋ ሠራተኛ መጥቶ «በበጋ?» ብሎ ወቀሰው።
በሰንሰለት ጠምዶ በፒካፕ ቢስበው፣ ተነቀለ ፓራውልቱ፤
ጉቶው ንቅንቅ አላለም፣ አልወረደም ከርስቱ።

ዶሪን ሻይ ይዛ ወጣች። አንድም ቃል አልተናገረችም።
ኩባያውን ጉቶው ላይ አኖረችለት፣
ሌላ ጠረጴዛ በአቅራቢያው የለም።

ማክሰኞ ታሊያ መጣች፣ ጥርሳም መፍጫ ጎትታ፤
«ሃያ ደቂቃ» አለችው፣ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ደፍታ።
ፈጨ፤ ፈጨ፤ ቀይ ዱቄት በግቢው ላይ ዘነበ፤
ድንገት ብረት ብረት ነክሶ ጎረቤት ተሰበሰበ።

ቀለበት ነበር። የውሻ ማሰሪያ። አባቱ የቸነከረው፣
ኔቪል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፤
ከዚያ ቅርፊቱ ቀስ እያለ እንደ ከንፈር ገጥሞ የሰወረው።
«ባርኒ» አለ ኔቪል። ሌላ ቃል አልወጣውም።
«ለተሰበረው ጥርስ ሰማንያ ዶላር» አለችው፤ አልተከራከራትም።

አፈር ሞላበት፤ ሣር ዘራ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለው።
እኛን ቢጠይቀን ኖሮ ገና ያኔ በነገርነው፤
ባሕር ዛፍ ቆርጠን ማገርን፣ ከኋላችን ሲያቆጠቁጥ አየነው።

መስከረም ሲገባ፣ የእነሱ ክረምት አልፎ አየሩ ሲረጋ፣
ሦስት ቀንበጥ ብቅ አለ፣ ጫፉ ቀይ፣ ቅጠሉ ለጋ።
ማጨጃውን እየገፋ ኔቪል ደረሰበት።
ቆመ። ሞተሩ እየጮኸ ቆመ።
ከዚያ ዞረው፤ አንድ ክብ ሣር ሳያጭድ ተወለት።

ዶሪን በመስኮት አየችው፤
ቀና ብላም ጣሪያውን።