አሥራ ሁለተኛው መስታወት

እናቴ ኢልዳሬ ሾርባዋን ጨርሳ፣
ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣
«ነገ ጦርነት ነው» አለችን በማታ፣
ጨው እንደሚያቀብል፣ በዚያው በእርጋታ።
ታላቄ ቴሳሪን ካርታውን ዘረጋች፣
ሸለቆውን ሁሉ በጥፍሯ ወጋች።
ወንድሜ ካሎም ግን ዳቦውን ቆርሶ፣
ሳይጎርስ አቆየው በጣቱ ለውሶ።
እኔ የቤቱ ጭራ፣ የሆዷ መጨረሻ፣
መስታወት ወልዋይ ነኝ በሰማይ መዳረሻ።

ፀሐይ ለኒርቃ የሩቅ ዘመድ ናት፣
ስሟን ጠርተው እንጂ ማጀት ያላዩአት።
ቅድመ አያቴ ናቸው ሰማዩን ወጥረው፣
አሥራ ሁለት መስታወት በክር አንጠልጥለው፣
የዘመድን ብርሃን በነጻ ለምነው፣
ለቆላ ለደጋው በስፍር ቸብችበው፣
የኦርዴቫንን ቤት
እንዲህ ነው የሠሩት።

ለአጃ ማሳ አንድ ሰዓት፤ ለልብስ ማስጫ ሩብ፤
ለአራስ ቤት ግማሽ፣ ከነወለዱ የሚታሰብ።
ያልከፈለ መንደር መስታወት ይዞርበታል፤
ሌሊት በሌሊት ላይ ይደረብበታል፣
እንደማያሞቅ ብርድ ልብስ።

ዳሙር አርባ ዓመት መሸበት።
ልጆቹ ጥላ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ጎረመሱ
(ጥላም እኮ ብርሃን ይፈልጋል)፤
ዓይናቸው ሰፋ፤ ጆሯቸው ሰላ፤
በድቅድቅ ጨለማ መርፌ ማስገባት ቻሉ፤
መርከብ ሠሩ፣ ጥቀርሻ ቀቡት፣
ሌሊቱን ራሱን ለበሱት።
እኛ ከላይ ስናይ ምንም አላየንም።
ምንም የሚባለው ነገር
ወደ እኛ እየመጣ ነበር።

«አሥራ ሁለቱንም በአንድ ነጥብ ሰብስቡ» አለች እናቴ።
«ብርሃን ነው የጠማቸው፤ ብርሃን ይጠግባሉ።»
ካሎም ቁልፉን ከአንገቱ አወለቀ፣
ካልጎረሰው ዳቦ አጠገብ አኖረው።
«ፈሪ» አለችው ቴሳሪን።
«አዎ» አላት። ወጣ። በሩን እንኳ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።

እኔ ገመዱን ይዤ ወጣሁ።
አሥራ አንዱ መስታወት ለቴሳሪን ቁልፍ ይታዘዛል፤
አሥራ ሁለተኛው አሮጌ ነው፣ በእጅ ይዘወራል፣
መንኮራኩሩ የእኔን መዳፍ ያውቃል።
አሥራ አንዱ ያሞቃል፤
የሚያነድደው አሥራ ሁለተኛው ነው።

በመነጽሩ ወደ ታች አየሁ፤ የመርከቡን ጓሮ ፈለግሁ።
ከጓሮው ጥግ፣ ከጣሪያ ላይ፣
አንዲት ሴት የጦር ቀበቶዋን ታጥቃ
የልጇን ፀጉር በዳበሳ ትሠራለች።
ሦስት ዘለላ፣ አንዱ በላይ፣ አንዱ በታች፤
ጣቷ አይሳሳትም።
ቴሳሪን በቱቦው ትጮሃለች፦ «አዙሪው! አሁን አዙሪው!»
መዳፌ መንኮራኩሩ ላይ ነው።
በጀግንነት አይደለም፤ እውነቱን ልናገር፤
ሴትዮዋ ጉንጉኑን እስክትቋጭ ልጠብቅ ብዬ ነው።
ቋጨች።
ሌላኛውን ጀመረች።

በዚያ መሐል አሥራ አንዱ ደረሰ፤
እሳት ሊሆን የመጣው ጠዋት ሆኖ ፈሰሰ።
ልጅቷ ከእግሯ ሥር ጥቁር ነገር አየች፣
ጮኸች፤ በጫማዋ ደጋግማ ረገጠች።
ጥላዋ አልሄደላትም።

መርከቦቹ ግን መጡ።
አንድ ጠዋት አርባ ዓመትን አያቆምም።
በደጃችን የቆመችው ያቺው ሴት ነበረች፣
ዓይኗ ከብርሃን የተነሣ ያነባል እንጂ አላለቀሰችም።
እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ሰይፉን ጠበቀች።
ሴትዮዋ ግን፦ «ደብተሩን አምጡ» አለች።

አመጣሁት። ከነአቧራው።
የዳሙርን ገጽ ቁጭ ብላ በጣቷ ዳበሰች፣
ማንበብ በዚያ ነው የለመደችው፤
የቀለሙን ጎድጓዳ፣ የወለዱን ጠባሳ።
ከታች፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ በጠማማ ፊደል፦
«አንድ ጠዋት። ተቀብለናል።»
ከዚያ ብዕሩን ወደ እናቴ ገፋችው፦
«ቀሪውን ይዘን እንተሳሰብ።»

ሾርባው ቀዝቅዟል። ማንም አላነሣውም።
እናቴ ማንኪያዋን ስትፈልግ
እጇ ገበታውን ይዳብስ ነበር፣
በጠራራ ብርሃን።